ልትጥሉት ነው?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ትምህርት ቤትም የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ተማሪው ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ዓመቱን ሙሉ የቋጠረውን ቂም ከአጥር ውጪ ሊያወራርድ ሲሰናዳ፣ ንብረት ክፍሉም በፊናው ሒሳቡን ሊያወራርድ በሩን ይከረችማል። በሩ ላይ «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ ለአላፊ አግዳሚው ምኑም አይደለም። ለመጪው ዓመት አዲስ ክፍል ለምትረከበው የአንደኛ ክፍል መምህርት ግን የክረምቱ የመጀመሪያ መርዶ ነው። እሷ ጠመኔ፣ ማርከር፣ ፍሊፕ ቻርትና ፕላስተር በምትፈልግበት ሰዓት፣ የመንግሥት ጠመኔ አንድ፣ ሁለት እየተባለ ይቆጠራል።

ሰፈሩ ይህን አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው መምህር ሐምሌንና ነሐሴን ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ፣ ዝናቡን በመስኮት እያየ ደመወዝ የሚበላ ሰው መሆኑን ነው። «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ተዘግቷል!» ትላለች ጎረቤት፣ ቅናቷን ሳትደብቅ። መምህርቷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። ብታስረዳም የሚያምናት የለም።

ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ለማደግ የሚማሩ መምህራን ክረምታቸውን የሚያሳልፉት ኮተቤን በመሳሰሉ ተቋማት የተማሪ ወንበር ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ «ዝም በሉ! እጅ አውጡ!» ስትል የከረመች መምህርት፣ ሐምሌ ሲገባ ራሷ የኋላ ወንበር ይዛ ከጎኗ ካለችው ጋር ታንሾካሹካለች። የቤት ሥራ ቀኑ ሲደርስ ጭንቅ የሚይዛትም እሷ ናት። ኮርስ የሌለባት ብትሆንም ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚባል ነገር አለ፤ አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ያህል በዚህ ላይ ማዋል ይጠበቅበታል። ማዋሉን የሚያስረዳ ፋይልም ያስፈልጋል፤ የፋይሉ መሠራት ከ60ው ሰዓት ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር በየመምህራን ማረፊያው ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው።

የክረምቱ ሁለተኛ ዜና ድልድሉ ነው። ማን የትኛውን የክፍል ደረጃ፣ የትኛውን ምድብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛውን ቤት እንደሚይዝ የሚታወቀው ያኔ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሰው የሚሸሻቸው ቤቶች አሉ፤ ከመጸዳጃው አጠገብ ያለው፣ ከኳስ ሜዳው ጎን ያለው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው። አዲስ የተመደበ መምህር ከሦስቱ አንዱ ይደርሰዋል። ዕድሉ ከጠመመ ሦስቱም አንድ ቤት ሆነው ይጠብቁታል።

ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው። ጥበቃው የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ሽቦ አስረው ይዘዋል። «አባባ፣ የአንደኛ ለ ቁልፍ የትኛው ነው?» ትላለች መምህርቷ። «የገባው ነዋ፣ ልጄ!» ይላሉ።

የሚገባው ተገኝቶ በሩ ሲከፈት ሽታው ይቀድማል፤ ሁለት ወር ተዘግቶ የከረመ እርጥበት፣ የጠመኔ ብናኝና አምና በአንዱ ዴስክ ሥር የተረሳ ምሳ። ዴስኮቹ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው ጥግ ላይ ተከምረዋል። ቤቱን አምና የያዙት አምስተኛ ክፍሎች ስለነበሩ እንጨቱ ላይ በምላጭ የተቀረጸ ታሪክ ሞልቷል፤ ሜሲና ሮናልዶ ጎን ለጎን፣ ትንሽ ዝቅ ብሎም የአንዲት ልጅ ስም በልብ ሥዕል ውስጥ። ታሪኩ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቁመቱ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይነካም። መሬት ያልነካ እግር ደግሞ ዝም ብሎ አይንጠለጠልም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ልጅ ወገብ ያገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አጫጭር ዴስክ ካለው የሥራ ባልደረባ ጋር ልውውጥ መደራደር ነው። ድርድሩ ሲሳካ ደግሞ በየዴስኩ ጀርባ «1ለ» ተብሎ በቀለም ይጻፋል፤ ዴስክ ትምህርት ቤት ውስጥ ማታ ማታ ቦታ የመለወጥ ጠባይ አለው።

ዝናቡ በዚህ ጊዜ አንድ ውለታ ይውላል። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አያሰማም እንጂ፣ የትኛው ቦታ እንደሚያፈስ አጥርቶ ያሳያል። መምህርቷ ወለሉ ላይ ኩሬ ባየችበት ቦታ በጠመኔ ክብ ትሠራለች። እዚያ ልጅ አይቀመጥም። ቆይቶ ግን መዝገቡ ላይ ያለው የተማሪ ቁጥር ሲታወቅ፣ እዚያም ልጅ ይቀመጣል።

ጥቁር ሰሌዳው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጻፍበትና ሲጠፋ የከረመ ሰሌዳ ሰኔ ላይ አመድማ ሆኖ ያልቃል፤ ነጭ ጠመኔ በአመድማ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም። ከተማ ውስጥ የሰሌዳ ቀለም ይገዛል፤ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ዞረዋል። ገጠር የሠራ መምህር ግን ሌላ መላ ያውቃል፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ። ድንጋዩ ሲሰበር ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና ካርቦን ነው። ውኃ ጠብ ይደረግበትና ከተጨፈለቀ ቅጠል ጋር ተለውሶ በጨርቅ ሰሌዳው ላይ ይለቀለቃል። ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳው ይጠቁራል፤ የመምህሩም እጅ ይጠቁራል። ከሁለቱ ቀድሞ የሚነጣው ሰሌዳው ነው።

ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ከመንደሩ ሬዲዮና ባትሪ። መምህሩ በየደጁ ቆሞ «ይቺን ድንጋይ ልትጥሏት ነው?» ይላል። የመምህራን ክረምት በዚህ ጥያቄ ነው የሚገፋው። ከተማም ይሁን ገጠር፣ የሚጠየቀው ዕቃ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አይለወጥም።

ወደ ከተማዋ መምህርት እንመለስ። ንብረት ክፍሉ ቆጠራውን ጨርሶ ተከፍቷል። አሁን የሚጠብቃት ሌላ ሥርዓት ነው። ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ለመጠየቅ ሞዴል 20 ይሞላል፤ ተፈቅዶ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22 ይፈረማል። መምህርቷ ሞዴል 20ውን በሚያምር የአንደኛ ክፍል መምህር የእጅ ጽሑፍ ሞልታ ትቀርባለች።

«ጋሼ፣ ፍሊፕ ቻርት አለ?»

«አለ።»

«ማርከርስ? ባለ ቀለሙ?»

«እሱም አለ።»

«እሰይ! እንግዲያው ከየዓይነቱ…»

«ያለው መዝገቡ ላይ ነው፣ ልጄ።»

ብዙ ተደራድራ ሁለት ፓኬት ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና አንድ የስም መጥሪያ ደብተር ይዛ ትወጣለች። ዳስተሩን ለማውጣት ሦስት ፊርማ አስፈልጓል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሰፈሩ ነው የሚመጣው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢ ቁሳቁስ የማስተማሪያ መሣሪያ የሚሠራበት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚባል ክፍል አለ። ማዕከሉ ሐሳቡን ይሰጣል፤ ቁሳቁሱን የምታመጣው መምህርቷ ናት። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ዓይኗ ይለወጣል። የሰው ቤት ስትገባ ሰዎቹን ሳይሆን ካርቶናቸውን ታያለች። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ጎረቤት ዘንድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት የምትሄድ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ፣ በር ሥር የቆመውን ካርቶን በአገጯ እያመለከተች «ልትጥሉት ነው?» ትላለች።

ከካርቶኑ ሰዓት ይሠራል። ክብ ይቆረጣል፤ ሁለት አመልካች በሚስማር ይያዝለታል። ችግሩ አንድ ሰዓት ለሁለት የትምህርት ዓይነት መሥራቱ ነው። በአማርኛው ክፍለ ጊዜ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያለው ያው ካርቶን፣ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ደብተር ሲያወጡ «ኤይት ኦክሎክ» ማለት አለበት። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚያስበው። አንዳንዱ ሊያስተካክለው ይነሳል።

ከካርቶን ቀጥሎ የሚፈለገው ማዳበሪያ ነው። ነጩ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ፣ ተቀድዶ፣ ጠርዙ ከተሰፋ በኋላ የማይቀደድ፣ ዝናብ የማያበሰብሰው፣ ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ሰሌዳ ይወጣዋል። የሰውነት ክፍሎች፣ የሳምንቱ ቀናት፣ የቤት እንስሳት፣ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ሁሉም በማዳበሪያ ላይ ተሥለው አልፈዋል። ከፊት ለፊቱ ጭንቅላትና ትከሻ የሚታይበት ሥዕል ሲገለበጥ «ዩሪያ፣ 50 ኪሎ» ይላል። ሱፐርቫይዘር ለጉብኝት ሲመጣ ሁልጊዜም ጀርባውን ማንበቡ አይቀርም።

የፊደል ገበታ ግን በቀላሉ አይወጣም። 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ «ቨ» ከነቤተሰቡ ሲጨመር 238። ይህን ሁሉ ከኋላ ረድፍ እንዲነበብ አድርጎ ለመጻፍ አንድ ማዳበሪያ አይበቃም፤ ሁለተኛው ይቀጠላል። ታትሞ የተዘጋጀ ገበታ በእርግጥ አለ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታን አሳትመው በየቤቱ እንዲገባ በማድረጋቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሳል፤ በገበታቸው ፊደል የቆጠረው ትውልድ ብዙ ነው። ያ ገበታ ግን በአንድ ልጅ እጅ ተይዞ የሚነበብ ነው። ሃምሳ ልጅ በአንዴ እንዲያየው ከተፈለገ ማዳበሪያው ግድ ይላል።

መምህርቷ ወለል ላይ ተንበርክካ ስትጽፍ፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው መልእክተ ዮሐንስን ያነበነቡ አማቷ መነጽራቸውን አድርገው ይመጣሉ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያም በከዘራቸው ጫፍ አንድ ቦታ እየነኩ፣ «ብዙኃኑ ኀ የት ሄደ?» ይላሉ። እውነትም የለም። አንድ ሙሉ መስመር ተዘልሏል። ከ«ቸ» እና ከ«ነ» መካከል ሰባት ፊደል ማስገቢያ ቦታ ስለሌለ፣ ገበታው ላይ ሦስተኛ ቁራጭ ማዳበሪያ ይጣፋል።

የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ብቻ በመሆኑ ቀለል ያለ ይመስላል። ሥዕሉ ላይ ሲደረስ ግን ይከብዳል። «ኤ» ሲባል አፕል መሣል የዓለም ልማድ ነው፤ መምህርቷም ቀይ ማርከሯን አውጥታ ድብልብል ያለ ፖም ትሥላለች። ፖም በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ አካባቢ በሰፊው ይመረታል። የአዲስ አበባ የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ቀይና ድብልብል ነገር የሚያውቀው ወጥ ቤት ነው። መስከረም ላይ መምህርቷ ሥዕሉን በዱላ እየነካች «ዋት ኢዝ ዚስ?» ስትል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቲማቲም!» ይላል። ከዚያ በኋላ «ኤ»ን ከቲማቲም ለማላቀቅ ሳምንት ይፈጃል።

ከሁሉ የሚያደክመው ቆርኪ ማሰባሰብ ነው። ቆርኪ የሒሳብ ትምህርት ሁሉ መሠረት ነው፤ ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ በጀርባው ፊደል ተጽፎበት ቃል ይመሠረትበታል። ለአንድ ልጅ አሥር ቆርኪ ቢታሰብ፣ ለሃምሳ ልጅ 500 ይሆናል። ቆርኪ ያለው ደግሞ ግሮሰሪ ነው። ስለዚህ ነጠላዋን የተከናነበች መምህርት ግሮሰሪ በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ትመለከታለች። ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ ብዙ ጠጪ ለሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ የቆርኪው ገበያ የሚደራው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። እሷ ግን እስከዚያ አትጠብቅም። በአንድ ወቅት ከቆርኪ ሥር ዕጣ ይወጣ ስለነበር፣ ቆርኪ የሚሰበስብ ሰው በአስተናጋጆች ዓይን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። «ለተማሪዎቼ ነው» ስትል ነገሩ ይብሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዞረው ያይዋታል። አንዱ ግን ይነሳና፣ «ቲቸር! እኔን አስተምረሽኛል እኮ!» ይላል። ያን ቀን አስተናጋጁ መሬቱን ጠርጎ ሁለት ፌስታል ይሞላላታል።

ባሏ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያያል። ያልቻለው ሃይላንዱን ነው። የውኃ ፕላስቲክ ምንም ዓይነት ስም ቢለጠፍበት በሕዝቡ ዘንድ ሃይላንድ ነው፤ ግማሹ ሲቆረጥ የእርሳስ ማስቀመጫ፣ አንገቱ ሲቆረጥ ማጥለያ፣ ሙሉው ደግሞ ስለ ውኃ ለማስተማር ይሆናል። አልጋ ሥር የገባው ሃይላንድ ከሠላሳ ሲያልፍ፣ ሰውዬው ማታ እግሩን ባወረደ ቁጥር ቤቱ ይንኳኳል። አንድ ቀን ራሱን ይዞ «እኔንስ ልትጥይኝ አላሰብሽም?» ይላታል። «ምን ይሠራብሃል?» ትለዋለች፤ ዓይኗን ከመቀሷ ሳታነሳ።

«አሜሪካ ያሉት መምህራን ግን ሁሉ ሞልቶላቸዋል» የሚል ወሬ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አይጠፋም። አኃዙ ሌላ ይላል። የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 የትምህርት ዘመን ከሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን 94 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከኪሳቸው ያልተመለሰላቸውን ገንዘብ አውጥተዋል፤ ካወጡት መካከል አማካዩ 479 ዶላር ነው። መንግሥታቸው ይህን ስለሚያውቅ መምህሩ ግብር ሲያሳውቅ የተወሰነ ያህሉ ከገቢው እንዲቀነስለት ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የብሮንክስ አንድ መምህር፣ መምህራን ለክፍላቸው የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ለሕዝብ የሚያሳውቁበት ዶነርስ ቹዝ የተባለ የድረ ገጽ መረዳጃ ጀምሯል። ስለዚህ እዚያም ልመናው አለ፤ ልዩነቱ እዚያ «ልትጥሉት ነው?» አይባልም፤ ዝርዝር ይወጣና «ግዙልን» ይባላል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሐበሻ ወላጆች ኦገስት ላይ ከትምህርት ቤት የሚላከውን ዝርዝር ያውቁታል። እርሳስና ኮላውን አይተው «ይሁን» ይሉና፣ ሶፍት በካርቶን ሲመጣባቸው «ሶፍት ደግሞ ለምን ትምህርት ነው?» ይላሉ። ዲሴምበር ላይ ልጃቸው በጉንፋን ሲያዝ መልሱን ያገኙታል።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ግድግዳው ላይ ሲወጣ፣ ከጎን ክፍል ያለው መምህር መጥቶ በሩን ተደግፎ ይቆማል። የእሱ ግድግዳ ከክፍሉ መርሐ ግብር በስተቀር ባዶ ነው። ለባዶነቱ ግን ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አና ፊሸርና ባልደረቦቿ 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንዴ በሥዕል ባሸበረቀ፣ አንዴ ደግሞ ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ አስተምረው አነጻጽረዋል። ባሸበረቀው ክፍል ልጆቹ ከጊዜያቸው 38.6 በመቶ ያህሉን ከትምህርቱ ውጪ አሳለፉ፤ በባዶው ክፍል 28.4 በመቶ ያህሉን። ፈተና ሲሰጣቸው በባዶው ክፍል 55 በመቶ፣ ባሸበረቀው 42 በመቶ መለሱ። መምህሩ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ከሳይንስ ሁሉ የያዘው እሱን ብቻ ነው።

መምህርቷ ከወንበር ላይ ሳትወርድ ትመልስለታለች። በዚያው ጥናት ባዶ ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆችም አልተቀመጡም፤ ግድግዳው ሲጠፋባቸው እርስ በርስ ነው የተያያዙት። 24 ልጅ በዚያ ሁኔታ ምናልባት ይቻላል። ሃምሳ ልጅ እርስ በርስ ከሚያያዝ ግን ቲማቲም ቢያይ ይሻላል። ክርክሩ ሳይቋጭ መምህሩ ፕላስተሩን ያቀብላታል።

ነሐሴ ሲጋመስ ምዝገባ ይጀመራል፤ እስከዚያ ድረስ በሐሳብ ብቻ የነበሩት ልጆች በአካል ይመጣሉ። የመግቢያው ዕድሜ ሰባት ዓመት ነው። ወላጅ የልደት ሰርተፍኬት ወይም የክትባት ካርድ ይዞ ይቀርባል። ካርዱ ከሌለ የድሮው መለኪያ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካ እንደሆነ ይታያል። ከነካ ደርሷል። ይህን የሚያውቁ እናቶች ልጃቸውን ሐምሌን ሙሉ ጆሮ ሲያስነኩ ይከርማሉ። መዝጋቢው ፊት ሲቀርብ ልጁ ስሙን ሳይጠየቅ ጆሮውን ይዞ ይቆማል።

ደንቡ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው ይላል። መምህርቷ በዚህ ተማምና 50 የስም ካርድ ከካርቶን ቆርጣ ጨርሳለች። ስም ዝርዝሩ ሲመጣ 58 ነው፤ አምስቱ ናትናኤል፣ አራቱ ቤተልሔም። ናትናኤሎቹን በአባታቸው ስም ልትለያቸው ስትሞክር የሁለቱ አባት ተስፋዬ ነው። ሦስተኛ ስም ይፈለጋል። የአያቱን ስም የሚያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ስንት ነው? «አያትህ ማን ይባላሉ?» ሲባል «አባባ» ይላል።

ከዚህ በተረፈው ጊዜ ዕቅድ ይጻፋል፤ ዓመታዊው፣ ሳምንታዊው፣ የየዕለቱ። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ስምንት ዓመት ያደረገው የመጀመሪያ ደረጃ፣ በ2015 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ስድስት ዓመት ሆኗል። አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባሉት ትምህርቶችም አብረው አሉ። አዲሶቹ መጻሕፍት ታትመው በየእጁ እስኪገቡ ብዙ መምህር መጽሐፉን በስልኩ በፒዲኤፍ ነው ያነበበው። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በዕቅዱ ላይ አምስት ደቂቃ መግቢያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዋና ትምህርት፣ አሥር ደቂቃ ማጠቃለያና ምዘና ተብሎ በሚያምር ሠንጠረዥ ይከፋፈላል። «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» ለሚሉት የተመደበ ደቂቃ ግን ሠንጠረዡ ላይ የለም፤ እነሱም አንዱ ሲፈቀድለት ሁሉም ይመጣቸዋል።

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ አንድ ቀን ትጨምራለች። መምህር ሆኖ ስድስተኛዋን ቀን የማይወድ የለም። ወለሉ የሚታጠበው፣ ማዳበሪያው የሚሰቀለው፣ የበሩ ማጠፊያ በባሏ መዶሻ የሚጠገነው በእነዚህ ቀናት ነው። ልጆቿ ዴስክ ይገፋሉ፤ አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደሉ ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ይቆጣጠራሉ። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብለው ዙሪያውን ያያሉ። «በጣም ጥሩ ነው» ይላሉ፤ «ስብሰባውን እዚህ ብናደርገውስ?»

መስከረም ላይ ልጆቹ ይመጣሉ። አዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ማደል፣ ምግብም ማብላት ጀምራለች። ልብሱ ለማደግ ታስቦ የሚመጣ ይመስላል፤ እጅጌው ከጣት ያልፋል፤ ልጁ እጅ ሲያወጣ የሚወጣው እጅጌው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ያለቅሳል፤ ግማሹ የሚያለቅሱትን ያያል። እናት በመስኮት ስታይ የሚያለቅሰው ይብሳል፤ እናት ስትሄድ ዝም ብሎ ከጎኑ ያለውን ልጅ ላጲስ ይቀማል። ወጉ ያለው ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህርቷ የቆርኪውን ከረጢት ትከፍታለች። ለየልጁ አሥር አሥር ይታደላል፤ ክፍሉ በብረት ድምፅ ይሞላል። ለሁለት ቀን ሁሉም በዕቅዱ መሠረት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ያፏጫል። ወንዶቹ ቆርኪውን በድንጋይ ጠፍጥፈው፣ ሁለት ቦታ በስተው፣ ክር አስገብተው እያዞሩት ነው። ማዞሪያ በሳንቲም መሸጥ የጀመረም አለ፤ ያም የሒሳብ ትምህርቱ ፍሬ መሆኑን መምህርቷ መካድ አልቻለችም። ሲቆጠር የቀረው 140 ቆርኪ ነው።

«ነገ እያንዳንዳችሁ አሥር ቆርኪ ይዛችሁ ኑ» ትላለች። በማግሥቱ አንዱ ሦስት ያመጣል፤ አንዱ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፤ አንዱ ደግሞ ገና ያልተከፈተ ለስላሳ ከነጠርሙሱ፣ «ቆርኪው እዚህ ላይ ነው» ብሎ። አባቷ ግሮሰሪ ያላት ልጅ ግን አንድ ፌስታል ሙሉ እየጎተተች ትገባለች። ክፍሉ በአንዴ ቢራ ቢራ ይሸታል። ቆጠራው ብቻ ሙሉውን 40 ደቂቃ ወሰደ፤ አሥር አሥሩን እየደረደሩ 58ቱም ልጆች ወለል ላይ ተንበርክከው፣ አንድም ልጅ ሽንት ቤት ልሂድ ሳይል።

ድምፁን የሰማው የጎን ክፍሉ መምህር፣ ባዶ ግድግዳ የሚወደው፣ በሩን ተደግፎ ቆመ። ወለሉን የሞላውን ቆርኪ ትክ ብሎ አየ።

«ቲቸር፣ ለእኔ ክፍል መቶ ብቻ ብታበድሪኝ?»

መምህርቷ ቀና አለች። «ሞዴል 20 ሙላና ና።»